የጠዋቱ 118፣ የሦስት ወሩ 9.4፤ የቱን እንመን?

የደሴዋ · ጥር 28, 2016

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ እወጣለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳር ከተገኘባት 11 ዓመት ሆናት። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች፣ ክትትሏ ደሴ ነው። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ጠዋት በባዶ ሆዷ ሄዳ ትለካለች። ካርዷን ገልብጬ አየሁት፦ 121፣ 109፣ 130፣ 118። ሁሌም "ጥሩ ነው፣ በዚሁ ይቀጥሉ" ተብላ ነው የምትመለሰው። እኛም ቤተሰቡ በሙሉ "የእማዬ ስኳር የተገራ ነው" ብለን ተቀምጠናል።

ዘንድሮ ለጥምቀት ስሄድ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷት አየኋት። እማዬ ዕድሜዋን በሙሉ ጥልፍ ስትጠልፍ የኖረች ሴት ናት። መነጽር ቢሆን ነው ብዬ አዲስ አበባ ይዣት መጣሁ። የዓይን ሐኪሟ ጠብታ አድርጋ ውስጡን አየችና "ስኳሩ የዓይናቸውን የውስጥ ሽፋን፣ ሬቲናቸውን፣ ነክቶታል፣ ትንንሽ የደም ነጠብጣቦች አሉ" አለችኝ። ቀጥላም "የሦስት ወሩን ስኳር ለመጨረሻ ጊዜ የተሠሩት መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ምርመራ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ለእማዬ አንድም ቀን ተሠርቶላት አያውቅም። በማግስቱ ደም ሰጠች፣ ውጤቱ 9.4 በመቶ ሆነ።

ስነግራት "ታዲያ 11 ዓመት ሙሉ ውሸቴን ነው የተለካሁት?" ብላ አለቀሰች። ላብራቶሪው ተሳስቶ ይሆን? እንደገና ይሠራላት? ካልተሳሳተስ ያ ሁሉ 118 ምን ነበር? ተናድጃለሁ፣ በማን ላይ እንደሆነ ግን ለራሴም አልገባኝም።

---

ቱቦና ማይክሮስኮፕ · ጥር 28, 2016

እህቴ፣ አይዞሽ። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። እናትሽም አልዋሹም፣ ላብራቶሪውም ተሳስቷል ብዬ ለመፍረድ አልቸኩልም። ሁለቱ ምርመራዎች የተጠየቁት ጥያቄ አንድ አይደለም።

ጠዋት ጣት ተወግቶ የሚለካው ያችን ደቂቃ ብቻ ነው የሚናገረው። ኤ ዋን ሲ የምንለው፣ ሰው "የሦስት ወሩ" የሚለው፣ ታሪክ ነው የሚያነበው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል። በውስጡ ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን አለ። ደም ውስጥ ያለው ስኳር በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሄሞግሎቢኑ ላይ ይለጠፋል፣ አንዴ ከያዘ ደግሞ ሴሉ ሞቶ እስኪተካ አይለቅም። የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን አይተሽ የለ? ጢሱ በበዛና በቆየ ቁጥር ሽታው ዕቃው ውስጥ ይሰርጋል። ዛሬ ጠዋት በንጹሕ ውኃ ብታለቀልቂው የሰነበተው ጢስ አይለቅም። 9.4 ማለት የእናትሽ ሄሞግሎቢን ከመቶው 9.4 እጁ ስኳር ይዟል ማለት ነው። ስኳር የሌለበት ሰው ከ5.7 በታች ነው። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ወደ ስኳር በሽታ የሚያመራ መንገድ ላይ ነው፣ 6.5ና ከዚያ በላይ ስኳር በሽታ ይባላል።

"የሦስት ወር" ሲባል ደግሞ ሦስቱ ወራት እኩል ድርሻ አላቸው ማለት አይደለም። ከውጤቱ ግማሽ ያህሉ ደም ከመሰጠቱ በፊት ያለው የመጨረሻ ወር ነው፣ ሌላው ግማሽ ከዚያ ቀድመው ላሉት ወራት ይከፋፈላል። እናትሽ ደም የሰጡት በጥር መጨረሻ ስለሆነ ገናና ጥምቀት ግማሹን ይዘውታል። ይህንንም አስቢው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ኤ ዋን ሲን ወደ ተለመደው የስኳር ልኬት የሚያዞር ስሌት አለ፦ ውጤቱን በ28.7 አባዢና 46.7 ቀንሺ። የእናትሽ 223 ገደማ ይመጣል። ቀንና ሌሊቱ ሁሉ ተደባልቆ አማካዩ 223 ነው ማለት ነው። ጠዋት 118 የነበረ ሰው አማካዩ 223 ከሆነ፣ በቀረው ሰዓት ከ223 በላይ የሚወጣበት ጊዜ አለው። ማንም ለክቶት የማያውቅ ሰዓት አለ። እሱን ነው መፈለግ ያለብን።

ሦስት ነገር ንገሪኝ። ከምግብ በኋላ ተለክተው ያውቃሉ? ትልቁን ምግብ የሚበሉት ስንት ሰዓት ላይ ነው? የደም ማነስ አለባቸው ተብለው ያውቃሉ? የመጨረሻውን እንዲሁ አልጠየቅኩሽም።

---

አይነት አንድ ከከሚሴ · ጥር 29, 2016

የደሴዋ፣ ጎረቤት ነን። እኔ 27 ዓመቴ ነው። ኢንሱሊን መውጋት የጀመርኩት በ13 ዓመቴ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እናትሽን ለመክሰስ እንዳይመስልብኝ። እኔ ልጅ ሆኜ ቀጠሮዬ ሦስት ቀን ሲቀረው እራቴን እተዋለሁ። ሻይ ያለ ስኳር እጠጣለሁ፣ ዳቦ አልነካም። ቀጠሮው ቀን ልኬቴ ያምራል፣ ሐኪሙ ራሴን ይዳብሰኛል፣ አባቴ ደስ ብሎት ወደ ቤት ይወስደኛል። በዚያው ማታ ያገኘሁትን እበላለሁ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ዓመት ገደማ ኖርኩ። መጀመሪያ ኤ ዋን ሲ የተሠራልኝ ሪፈር ተብዬ አዲስ አበባ ስሄድ ነው፤ 11.8 ወጣ። ሐኪሟ አባቴን አስወጥታ "ከቀጠሮ በፊት ምንም አትበላም አይደል?" አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል አልቅሼ አላውቅም፣ ግን ሸክሜ ነው የወረደልኝ። ከዚያ በኋላ የደበቅኩት ነገር የለም።

እናትሽ ከቀጠሮ በፊት ያሉትን ቀናት እንዴት እንደሚያሳልፉ ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው። በቁጣ ከጠየቅሻቸው አይነግሩሽም።

---

ጎፋ ሰፈር · ጥር 29, 2016

እኔ በዚህ ምርመራ እምነት የለኝም። የአባቴን ነው የማውቀው። ኤ ዋን ሲው 5.6 ነው ተብሎ "ስኳር የለብዎትም ማለት ይቻላል" ተባልን። ቤት በመለኪያ ስንለካው 190፣ 210፣ 230 ነው። ሁለት ጊዜ በተለያየ ቦታ አሠራን፣ ያው ነው። ገንዘብ ከፍለን ግራ ተጋብተን ነው የወጣነው። ስለዚህ የደሴዋ፣ በ9.4ም አትደንግጪ ባይ ነኝ።

---

ቱቦና ማይክሮስኮፕ · ጥር 29, 2016

ወንድሜ፣ አባትህ ሌላ ሕመም አለባቸው? ደም ተሰጥቷቸው ያውቃል? ኩላሊታቸውስ?

---

ጎፋ ሰፈር · ጥር 29, 2016

ኩላሊቱ ከቆመ ሁለት ዓመት አለፈው። ዲያሊሲስ ነው፣ በሳምንት ሁለቴ። ለደም የሚሆን መርፌም ይወጋል። ባለፈው ኅዳርም ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቶታል። ይህ ከስኳሩ ጋር ምን ያገናኘዋል?

---

ቱቦና ማይክሮስኮፕ · ጥር 29, 2016

በጣም ያገናኘዋል፣ ስለጻፍክልንም አመሰግንሃለሁ። ማሽኑ ያነበበው ልክ ነው፣ ያነበበው ደም ግን የአባትህን ታሪክ ሊናገር የሚችል ደም አይደለም።

ቅድም ስለ ወተት ዕቃው ጽፌ ነበር። ዕቃው በየሳምንቱ በአዲስ የሚተካ ከሆነ ጢስ የሚሰርግበት ጊዜ የለውም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ቀይ ሴሉ ዕድሜው ያጥራል። ዲያሊሲሱ ራሱ ደም ያባክናል። ያ መርፌ፣ ኤሪትሮፖይቲን፣ መቅኔውን አዲስ ሴል እንዲያመርት ይገፋዋል። በዚያ ላይ የሌላ ሰው ደም ተጨምሮበታል። በደማቸው ውስጥ ያለው አብዛኛው ሴል ገና ጨቅላ ነው፣ ስኳር ሳይጠግብ ነው የተመረመረው። ስለዚህ 5.6 በሐሰት ዝቅ ያለ ነው። መለኪያችሁን እመኑ። ሐኪሙ 5.6ን አይቶ መድኃኒት ቀንሶ እንደሆነ ይህንኑ ንገሩት። ግን ደግሞ መለኪያው 230 አለ ብላችሁ ራሳችሁ መድኃኒት እንዳትጨምሩ። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ውጤቱን በሐሰት ዝቅ የሚያደርጉ ሌሎችም አሉ፦ ወባ ደም ሲያፈርስ፣ ሲክል ሴል፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ዳፕሶን የሚባለው መድኃኒት። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎችም ውጤቱ ከትክክለኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው የብረት እጥረት ያለበት ደም ማነስ ከፍ ያደርገዋል፣ ሴሎቹ ሳይተኩ ስለሚሰነብቱ። የቢ 12 እጥረትም እንዲሁ። የደሴዋን ስለ ደም ማነስ የጠየቅኳት ለዚህ ነው። እናቷ 11 ዓመት ሜትፎርሚን ወስደዋል፣ እሱ ደግሞ ሲቆይ ቢ 12ን ይቀንሳል።

---

ነርስ ነኝ ሜሪላንድ · የካቲት 1, 2016

የደሴዋ፣ ልጽፍልሽ ቸኩያለሁ። አንድ የምፈራው ነገር አለ።

9.4ን አይታችሁ ደንግጣችሁ የእናትሽን ክኒን በራሳችሁ እንዳትጨምሩ። በተለይ ግሊቤንክላማይድን። በእኔ ሥራ ላይ ያየሁት ነው፤ ልጆች ከኢትዮጵያ እናታቸውን ያስመጣሉ፣ ቁጥሩን ያያሉ፣ ይጨነቃሉ፣ ክኒን ሁለት ያደርጋሉ። እናት ሌሊት ስኳሯ ወርዶ በላብ ተዘፍቃ፣ አንደበቷ ተያይዞ ትገኛለች። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ያ መድኃኒት ስኳሩን አውርዶ የማቆየት ባሕርይ አለው።

ሁለተኛው ስለ ዓይኗ ነው። ሬቲናዋ የተነካ ሰው ኤ ዋን ሲው በጣም በፍጥነት ከወረደ ዓይኑ ለጥቂት ወራት ሊብስ ይችላል። ይህ በደንብ የታወቀ ነው። በአሜሪካና በካናዳ 1441 ዓይነት አንድ ሕሙማንን ይዞ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የቆየው ትልቁ ጥናትም ላይ ታይቷል። ግን እዚያው ጥናት ላይ ዓመታት ሲቆጠሩ፣ አማካዩን 7 አካባቢ ያደረጉት 9 አካባቢ ከቀሩት ይልቅ የዓይን ጉዳት የመጀመር ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ስለዚህ መውረዱ የግድ ነው፣ ግን የዓይን ሐኪሟ እያየች ነው መውረድ ያለበት። ለስኳር ሐኪሙ "ዓይኗ ተነክቷል" ብላችሁ ንገሩት፣ ለዓይን ሐኪሟም "መድኃኒት ተቀይሯል" በሏት። ሁለቱ ሐኪሞች የሚገናኙት በአንቺ በኩል ነው።

ሦስተኛ፣ "ስንት መድረስ አለባት?" ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። ለብዙ ጎልማሳ ከ7 በታች ይባላል። ግን ለሁሉም አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. እዚሁ አሜሪካ አንድ ትልቅ ጥናት ልባቸው አደጋ ላይ ያለ ዓይነት ሁለት ሕሙማንን ከ6 በታች ለማድረስ ሲገፋ የሚሞተው ሰው በዛበትና ያ ክፍሉ ሳያልቅ ቆመ። ለአረጋዊ፣ ብዙ ሕመም ላለበት፣ ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው 8 አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ለእናትሽ የሚሆነውን ቁጥር ሐኪሟ ይንገራት፣ እናንተም ካርዷ ላይ አስጽፉት።

ዓይን ከተነካ ኩላሊትም ይታይ። የሽንት አልቡሚንና ክሪያቲኒን። እግሯንም ካልሲዋን አውልቃችሁ እዩላት።

---

ስቶክሆልም ቀዝቃዛው · የካቲት 2, 2016

ይህን ክር ሳነብ የራሴ ትዝ አለኝ። እኔ ስዊድን ነኝ። አምና ውጤቴን ለወንድሜ አዲስ አበባ ላክሁለት፤ 58 ይላል። ወንድሜ ደወለልኝ፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ "58 በመቶ! እንዴት በሕይወት አለህ?" አለኝ። እናታችን ሰምታ ስለት ተሳለች።

እዚህ በመቶኛ አይጽፉም። እንግሊዝም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሚሊሞል በሞል ነው የሚሉት። 48 ማለት 6.5 ነው፣ 53 ማለት 7፣ 64 ማለት 8፣ 75 ማለት 9፣ 86 ማለት 10። የእኔ 58 ወደ 7.5 ይጠጋል። ውጭ ያላችሁ ሰዎች ውጤት ስትልኩ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ አብራችሁ ላኩ፣ ቤተሰብ አታስደንግጡ።

---

ሰላማዊት የሁለት እናት · የካቲት 3, 2016

በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውንስ ያሳያል? የ25 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ኤ ዋን ሲዬ 5.3 ነው ብለው ስኳር የለብሽም ብለውኛል።

---

ነርስ ነኝ ሜሪላንድ · የካቲት 3, 2016

ሰላማዊትዬ፣ በዚህ ብቻ አትረጋጊ። በእርግዝና ጊዜ ቀይ ሴል ቶሎ ቶሎ ስለሚተካ ኤ ዋን ሲ ዝቅ ይላል፣ የእርግዝና ስኳር ሊያልፈው ይችላል። ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ ተጠጥቶ ከመጠጣቱ በፊትና በኋላ ደም የሚታይበት ምርመራ አለ። አንቺ አሁን ጊዜው ላይ ነሽ። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ጠይቂ፣ ባይሆን ቀጠሮውን አትጠብቂ።

---

ማር ይስማል · የካቲት 4, 2016

ለእናትሽ አብሽ በማለዳ ዘፍዝፈሽ ስጪያት። የሽፈራው ቅጠልም። አክስቴ በዚህ ድናለች፣ መድኃኒቱን ሁሉ ጥላለች።

---

አይነት አንድ ከከሚሴ · የካቲት 4, 2016

አብሽ እኛም ቤት ይጠጣል፣ አልቃወምም። መድኃኒት መጣሉ ላይ ነው የማልስማማው። አክስትህ እውነት ድነው ከሆነ መርመሪያው አለ፦ የሦስት ወሩን ይሠሩት። በቀጠሮ ቀን ጠዋት የሚለካውን ሳይሆን የሦስት ወሩን። ውጤቱን እዚህ ብትነግረን ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። እኔ ግን ኢንሱሊኔን ለአንድ ሳምንት አቁሜ የደረሰብኝን አውቃለሁ። ራሴን ስቼ ነው ሆስፒታል የገባሁት። ማንም እንዲያየው አልፈልግም።

---

የገጠር ጤና ጣቢያ · የካቲት 6, 2016

እኔ ስለ ታካሚ ሳይሆን ስለ ሥራችን ነው የምጽፈው። ሰሜን ወሎ ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። የደሴዋን እናት የመሰሉ ብዙ አሉኝ። ጠዋት በባዶ ሆድ ለክቼ "ጥሩ ነው" ብዬ የምልካቸው። ይህን ክር ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማሽኑ እኛ ጋ የለም። በአቅራቢያችን ያለው ሆስፒታልም ኬሚካሉ ብዙ ጊዜ ያልቅበታል። ምን ላድርግ?

---

ቱቦና ማይክሮስኮፕ · የካቲት 6, 2016

ወንድሜ ወይም እህቴ፣ ጥያቄሽ/ህ ራሱ አስደስቶኛል። በመጀመሪያ ይህ ምርመራ ጾም አይፈልግም። ሰው ከሩቅ ሳይበላ መጥቶ መሰለፍ የለበትም። በቀኑ በየትኛውም ሰዓት ደም ይቀዳል። ሁለተኛ፣ ደሙ ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ቱቦ ነው የሚቀዳው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኤዲቲኤ ባለበት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጠ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። መርጋቱ አያሰጋም፣ የሚያሰጋው በረዶ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ በረዶ ውስጥ አትንከሩት። የአክታ ናሙና ለቲቢ ምርመራ ከየጤና ጣቢያው ተሰብስቦ እንደሚላከው ሁሉ፣ በሳምንት አንድ ቀን ወስናችሁ የሁሉንም በአንድ ሣጥን ወደሚሠራበት ቦታ መላክ ይቻል እንደሆነ ከኃላፊያችሁ ጋር ተነጋገሩ። ታካሚው ከሚመላለስ ቱቦው ቢመላለስ ይሻላል።

ያም ካልሆነ የቀጠሮውን ሰዓት ቀይሩ። ሁሉንም ታካሚ ጠዋት በባዶ ሆድ ከመለካት፣ አንዱን ቀጠሮ በባዶ ሆድ፣ ቀጣዩን ከምሳ በኋላ በሁለተኛው ሰዓት አድርጉት። ስትሪፑ ያው አንድ ነው፣ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ኤ ዋን ሲን አይተካም፤ ግን እንደ የደሴዋ እናት ያለውን ሰው ይይዛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እኛ ባለሙያዎችም የምንረሳው ነው። ታካሚው ባለበት ደረጃ ከረጋ በዓመት ሁለቴ ይበቃል። መድኃኒት ከተቀየረ ወይም ካልተስተካከለ በየሦስት ወሩ። በየወሩ ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው፣ ሴሉ ገና አልተተካም።

---

የደሴዋ · መጋቢት 6, 2016

ዘገየሁባችሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በእግዚአብሔር ስም። ያላችሁትን አድርጌያለሁ።

መለኪያ ገዛሁላትና ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ከእራት በኋላ በሁለተኛው ሰዓት ለካን። ጠዋቱ በተራ ቀን 118 አይደለም፣ ከ160 እስከ 185 ነው። ከእራት በኋላ ደግሞ 270፣ 295፣ አንድ ቀን 310። እማዬ ቀኑን ሙሉ ለቤተሰብ ስትሯሯጥ ትውላለች፤ ጾም ሲሆን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም፤ ከዚያ ማታ አንዴ ነው የምትበላው። ሁለት ሦስት እንጀራ በሽሮ፣ በላዩም ሻይ።

የከሚሴው ወንድሜ እንዳልከውም ጠየቅኳት፣ ቡና አፍልቼ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን። ከቀጠሮዋ በፊት ሦስት ቀን ጎመንና ትንሽ ቂጣ ብቻ ነው የምትቀምሰው። ለምን ስላት "ሐኪሙ እንዳይቆጣኝ" አለች። ለካስ መጀመሪያ ስኳር የተገኘባት ጊዜ አንድ ባለሙያ ሰው ሁሉ እየሰማ "ሥጋሽን ራስሽ ነሽ የምትበይው" ብሏት ነበር። እሷ ያን ቃል 11 ዓመት ተሸክማው ነበር፣ እኛ አንዱም አልሰማንም። አልተቆጣኋትም። እጇን ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

ደሟም ታየ። ሄሞግሎቢኗ 10.9፣ የብረት ክምችቷ ዝቅ ያለ ነው። ቢ 12 ደህና ነው። ሐኪሙ ግሊቤንክላማይዱን አስቁሞ ማታ የሚወጋ ኢንሱሊን በትንሹ አስጀምሯታል፣ የብረት ክኒንም። የዓይን ሐኪሟ በየሦስት ወሩ ልያት ብላለች። የሽንቷ አልቡሚን በመጠኑ ከፍ ብሏል፣ ለእሱም መድኃኒት ተሰጥቷታል።

ታዲያ ቱቦና ማይክሮስኮፕ፣ ብረቷ ዝቅ ስላለ 9.4ው ሐሰት ነበር ማለት ነው?

---

ቱቦና ማይክሮስኮፕ · መጋቢት 6, 2016

አይደለም። ጥቂት ከፍ አድርጎት ይሆናል። 7ን ወደ 9.4 ያደርሳል ብዬ ግን አልልሽም። ደግሞ መለኪያችሁ መስክሯል፤ 185 ጠዋት፣ 295 ማታ ከሆነ አማካዩ 223 ቢሆን አይገርምም። የእናትሽ ደም እውነቱን ነው የተናገረው።

---

ነርስ ነኝ ሜሪላንድ · መጋቢት 7, 2016

እህቴ፣ በ61 ዓመት የወር አበባ ቆሟል። ብረት ለምን እንዳነሰ ሳይታወቅ በክኒን ብቻ አይታለፍ። ጨጓራና አንጀቷ ይታይላት፣ የሰገራ ምርመራም።

ሌላ፣ አሁን ዐቢይ ጾም ገብቷል፣ ኢንሱሊንም ጀምራለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋሉን ከሐኪሟና ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩበት። የታመመ ሰው ጾሙን በልክ እንዲያደርግ የሚፈቅዱ አባቶች ብዙ ናቸው።

---

አይነት አንድ ከከሚሴ · መጋቢት 7, 2016

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ነው የገቡት። እኔም ሐኪሜ እንዳልጾም ከልክሎኛል፣ ለሚስኪን እያበላሁ ነው። የደሴዋ፣ እናትሽ ስለነገሩሽ ደስ ብሎኛል። ከእኔ ሰላም በያቸው።

---

ጎፋ ሰፈር · መጋቢት 9, 2016

አባቴን በተመለከተ የጻፍክልኝን ለሐኪሙ አሳየሁት። ከዚህ በኋላ በኤ ዋን ሲ አንሄድም፣ የመለኪያ ደብተር ይዛችሁ ኑ ብሎናል። በመጀመሪያ ስለጻፍኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ። የደሴዋንም በ9.4 አትደንግጪ ያልኩሽን ተይው።

---

የደሴዋ · ግንቦት 8, 2016

እማዬ ትናንት እንደገና ደም ሰጠች። 8.1!

ጨጓራዋ ላይ ቁስል ተገኝቶ መድኃኒቷን ጨርሳለች። ሄሞግሎቢኗ 12.3 ሆኗል። እራቷን አንድ እንጀራ አድርጋ አትክልቱን አብዝታለች፣ ቀን ላይ ትቀምሳለች። ከእራት በኋላ አሁን ከ190 እስከ 220 ነው። ዓይኗ አልባሰም። መርፌውን አሁንም ክር የማስገባላት እኔ ነኝ፣ የቀረውን ግን ራሷ ትጠልፋለች።

---

ቱቦና ማይክሮስኮፕ · ግንቦት 8, 2016

እሰይ! ግን ላብራቶሪ ስለሆንኩ እውነቱን ልንገርሽ። ብረት የጀመረ ሰው ብዙ አዲስ ሴል ያመርታል፣ አዲስ ሴል ደግሞ ስኳር ገና አልያዘም። ስለዚህ ከ9.4 ወደ 8.1 ከወረደው ውስጥ የተወሰነው የብረቱ ነው። የእራቱ ልኬት ከ290ዎቹ ወደ 200 መውረዱ ግን የእናትሽ ነው፣ እሱን ብረት አያደርገውም። ትክክለኛውን የምታዪው በቀጣዩ ነው። በዚያው ቦታ ይሠራ፣ በዚያው ማሽን። ከቦታ ቦታ ትንሽ ልዩነት ስለሚኖር እንዳትደናገሩ።

---

የደሴዋ · ግንቦት 9, 2016

ቀጠሮዋ ነሐሴ 8 ነው። እማዬ "ፍልሰታ ውስጥ ነው፣ ውጤቱ ያምርልኝ ይሆን ወይስ ከፍልሰታ በኋላ ላድርገው?" ብላ ጠይቂልኝ ብላኛለች።

---

ቱቦና ማይክሮስኮፕ · ግንቦት 9, 2016

ፍልሰታ በገባ በሰባት ቀኑ ብዙም አይለውጠውም። ግማሹን የሚናገረው ሐምሌ ነው፣ ሰኔም አለበት። በቀጠሯቸው ቀን ይሂዱ።

---

የደሴዋ · ግንቦት 9, 2016

ነገርኳት። "እንግዲያው ከቅዳሴ መልስ፣ ከቀመስኩ በኋላ ነው የምሄደው" ብላለች።